ማሾ፣ ባቄላና ብርድ ልብስ፦ ለሰሜን ሸዋ ላኪ የትኛው የንግድ ስምምነት ያዋጣዋል?

ሸዋ ሮቢት ላይ ማሾ ሰብስበው የሚሸጡ አንድ ጋሼ አሉ። በቀደም ቡና ላይ ተቀምጠን ስልካቸውን አወጡና የአንድ ወረቀት ፎቶ አሳዩኝ። ከሆነ ስብሰባ ያመጡት ነው። ኮሜሳ፣ የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጣና፣ ኢጋድ፣ ህንድ፣ ቻይና፣ ብሪክስ፣ ሁሉም በተርታ ተደርድረዋል።

«ልጄ፣ ከነዚህ ውስጥ የኔን ማሾ የሚገዛው የትኛው ነው?»

«አንዱም አይገዛም ጋሼ» አልኳቸው።

ሳቁ። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ማሾውን የሚገዛው ናይሮቢ ወይም ጃካርታ ያለ ነጋዴ ነው። የስምምነቱ ሥራ ያ ነጋዴ ለሀገሩ ጉምሩክ የሚከፍለውን ቀረጥ መቀነስ ነው፤ ሌላ ብዙ ነገር አትጠብቁበት። ይህን ከያዛችሁ ምርጫው ግማሽ በግማሽ ይቀላል።

ጽሑፉ ለማኅበራት፣ ለዩኒየኖች፣ ገና መላክ ለጀመሩ ነጋዴዎችና ደብረ ብርሃን አካባቢ ፋብሪካ ለከፈቱ ሰዎች ነው። የማወራው በማደግ ላይ ያሉ ሀገሮች እርስ በርስ ስለሚሰጣጡት የቀረጥ ቅናሽ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መመዘኛው

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ሀገር አባል ነው?» ብሎ ነው። እኔ በዚህ አልጀምርም። ሃምሳ አራት ሀገር ቢፈርም እናንተ የምትሸጡት ለአንድ ገዢ ነው። የዚያ ገዢ ሀገር አባል ካልሆነ የቀሩት ሃምሳ ሦስቱ ለእናንተ ጌጥ ናቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ገዢዬ የት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ በጣም ወሳኙ ነው፦ ያለ ስምምነቱ ስንት ቀረጥ ይከፈላል? በስምምነቱስ ስንት ይሆናል? ትርፉ ያለው በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ነው። ገዢው ሀገር በዕቃው ላይ ድሮም ቀረጥ የማይጥል ከሆነ ምንም ዓይነት ስምምነት አንድ ሳንቲም አይጨምርላችሁም።

ቁጥር ላይ እናውርደው። ለምሳሌ ያህል አንድ ኮንቴይነር እህል 20,000 ዶላር ያወጣል እንበል። የገዢው ሀገር ቀረጥ 20 በመቶ ቢሆን 4,000 ዶላር ይከፈላል። ስምምነቱ ቀረጡን ዜሮ ካደረገው 4,000 ዶላር ተረፈ። «የ10 በመቶ ቅናሽ» ከሆነስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 20 በመቶው ወደ 10 አይወርድም። የቀረጡ አንድ አሥረኛ ይቀነስና 18 በመቶ ይሆናል። የተረፈው 400 ዶላር ብቻ ነው። ዕቃው የኢትዮጵያ መሆኑን የሚያረጋግጠውን ሰርተፊኬት ለማውጣት ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ ሁለት ሦስቴ ከተመላለሳችሁ፣ ከዚህ ላይ ምን እንደሚቀር ራሳችሁ አስሉት።

ልብ በሉ፣ ያ 4,000 ዶላርም የእናንተ አይደለም። ቀረጥ ከፋዩ አስመጪው ነው። ቅናሹ መጀመሪያ የሚገባው እሱ ኪስ ነው። በዋጋ ድርድር ላይ «ሰርተፊኬቱን እኔ ካመጣሁልህ በኩንታል ስንት ትጨምራለህ?» ብሎ ያልጠየቀ ላኪ ለሰው ነው የሚደክመው። እስካሁን ካየኋቸው ላኪዎች ይህን ቀድሞ የሚጠይቅ በጣት የሚቆጠር ነው።

ሦስተኛው መመዘኛ የስሪት ሀገር ደንብ ነው። ዕቃው በእርግጥ የኢትዮጵያ ነው ወይ? ለማሾ፣ ለሽምብራ፣ ለባቄላ ይህ ራስ ምታት የለውም። እዚሁ ተዘርቶ እዚሁ ከታጨደ ሙሉ በሙሉ የኢትዮጵያ ነው። ጣጣው ፋብሪካ ላይ ነው፤ እመለስበታለሁ።

አራተኛው ከቀረጥ ውጭ ያለው እንቅፋት ነው፦ የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት፣ አፍላቶክሲን (በሻጋታ የሚመጣ መርዝ)፣ ኮታ፣ የመንገድ ኬላ። አምስተኛው የቅናሹ ዕድሜ ነው። አንዳንዱ ቅናሽ ውል ነው፤ አንዳንዱ ስጦታ ነው። ስጦታን ሰጪው በፈለገ ቀን ይነጥቃል። አሜሪካ አጎዋን፣ ማለትም ለአፍሪካ ሀገሮች የሰጠችውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል፣ ከኢትዮጵያ ላይ ያነሳችው በጃንዋሪ 2022 ነው። በልብስ ስፌት ላይ የነበሩ ፋብሪካዎችና ሠራተኞች ያን ጊዜ ምን እንደገጠማቸው ለማንም አይጠፋም። አጎዋ በታዳጊ ሀገሮች መካከል የተደረገ ስምምነት ስላልሆነ እዚህ ንጽጽር ውስጥ አልገባም።

ኮሜሳ፦ የቆየው ጎረቤት

ኮሜሳ፣ የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ ከሁሉም ለጆሯችን የቀረበ ነው። መነሻው በ1981 ሉሳካ ላይ የተፈረመ የተመራጭ ንግድ ቀጣና ነው። በ1993 ውሉ ታድሶ ካምፓላ ላይ ተፈረመ፣ በዲሴምበር 1994 ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ 21 አባላት አሉት። ኬንያ፣ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ጅቡቲ፣ ኡጋንዳ ውስጡ ናቸው። ለእኛ ሰፈር ምርት ጥሩ ገዢዎች ናቸው። ኬንያ ማሾን «ንዴንጉ» ብላ ዕለት ተዕለት ትበላለች። ግብፅና ሱዳን ደግሞ ያለ ፉል ቁርስ የላቸውም፤ የባሶና ወራና ባቄላ ሄዶ ሄዶ የሚፈልገው እነሱን ነው።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ኮሜሳ ሁለት ክፍል አለው። በኦክቶበር 2000 ዘጠኝ ሀገሮች በመካከላቸው ቀረጡን ዜሮ አድርገው ነፃ የንግድ ቀጣና መሠረቱ። ኬንያ፣ ግብፅ፣ ሱዳንና ጅቡቲ ያኔውኑ ገቡ። ሌሎችም ቀስ በቀስ ተከተሏቸው። ኢትዮጵያ አባል ሆና ነፃ ቀጣናው ውስጥ ግን አልገባችም። ለኮሜሳ ዕቃዎች የምትሰጠው የ10 በመቶ ቅናሽ ነው። የምታገኘውም በመርህ ደረጃ የሰጠችውን ያህል ነው፤ ብድር በምድር እንደሚባለው። ከላይ ያየናት 400 ዶላር ማለት ነው።

አንድ ግብፃዊ ገዢ ከኬንያ የሚያስገባው ዕቃ በዜሮ ይገባለታል፣ ከእኛ የሚያስገባው ግን ትንሽ ብቻ ተቀንሶለት ይገባል። አንድ ድርጅት ውስጥ ሆኖ በሁለት ዓይን መታየት ነው። ለዓመታት የኮሜሳ ስብሰባ ላይ ተገኝተን ገበያው ላይ ያልታየነው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። የመንግሥት ስጋት ገብቶኛል። የኬንያና የግብፅ ፋብሪካ የእኛን ፋብሪካ ይውጠዋል ተብሎ ነው። የባቄላ ገበሬው ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ ማንም አላስታወሰውም።

ኮሜሳ አንድ ጥሩ ነገር አለው፦ አሠራሩ የተለመደ ነው። ሰርተፊኬቱን ትራንዚተሮች (የጉምሩክ ወረቀት የሚጨርሱልን ሰዎች) ያውቁታል፣ የተቀባይ ሀገር ጉምሩክም ያውቀዋል። ለትናንሽ የድንበር ነጋዴዎች የተዘጋጀ ቀለል ያለ አሠራርም አለው። ከሸዋ ግን የትኛውም ድንበር ሩቅ ስለሆነ ለእኛ እምብዛም ነው። ሱዳንን በተመለከተ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ያለው ጦርነት ከማንኛውም ቀረጥ በላይ ነው።

የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና፦ ትልቁና አዲሱ

ይህ በማርች 2018 ኪጋሊ ላይ የተፈረመው ነው። በሜይ 2019 ሥራ ላይ ዋለ፣ ንግዱ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ተከፈተ ተባለ። ጽሕፈት ቤቱ አክራ ነው። ከኤርትራ በቀር የአፍሪካ ሀገሮች በሙሉ ፈርመዋል። ኢትዮጵያ በ2019 አጸደቀች፤ የመጀመሪያዎቹን ጭነቶች የላከችው ግን በኦክቶበር 2025 ነው። ስድስት ዓመት ፈጀ። ወረቀትና ጭነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የምለው ለዚህ ነው።

ሐሳቡ ትልቅ ነው። ሀገሮች 90 በመቶ በሚሆኑ የዕቃ ዓይነቶች ላይ ቀረጣቸውን ቀስ በቀስ ዜሮ ያደርሳሉ። እንደ እኛ ላሉ በዝቅተኛ የልማት ደረጃ ላይ ያሉ ሀገሮች 10 ዓመት፣ ለተሻሉት 5 ዓመት ተሰጥቷል። ሌላ 7 በመቶ «ጥንቃቄ የሚሹ» ተብለው በረዘመ ጊዜ ይቀነሳሉ። 3 በመቶ ደግሞ ጭራሽ ከቅናሹ ውጭ ናቸው።

ለእህል ላኪ አደጋው ያለው እነዚህ አሥር በመቶዎች ውስጥ ነው። ሀገሮች ጥንቃቄ ይሻል ብለው የሚደብቁት ብዙውን ጊዜ የእርሻ ምርትን ነው። የየሀገሩ ዝርዝር ይለያያል። ማሾ አንዱ ሀገር ላይ ከዘጠናው ውስጥ፣ ሌላው ላይ ከሦስቱ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የገዢውን ሀገር ዝርዝር በዕቃው ኮድ (ጉምሩክ ዕቃውን በሚለይበት ቁጥር) ሳያዩ «አፍሪካ ነፃ ሆነ» ብሎ መፈንጠዝ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

ኮዱን አሁኑኑ ያዙት። ማሾ 0713.31 ነው። ሽምብራ 0713.20፣ ምስር 0713.40፣ ባቄላ 0713.50። የሱፍ ብርድ ልብስ 6301.20 ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች በሁሉም ሀገር አንድ ናቸው። ለትራንዚተር ስትደውሉ «ማሾ» ከማለት ኮዱን መንገር ግማሽ ቀን ያድናል።

ይህ ስምምነት ለትንሽ ላኪ አንድ የተመቸ ነገር አለው። ዋጋው ከ5,000 ዶላር ለማይበልጥ ጭነት ላኪው ራሱ ደረሰኙ ላይ «ይህ ዕቃ የዚህ ሀገር ነው» ብሎ ፈርሞ ማረጋገጥ ይችላል። ለሙከራ ጥቂት ኩንታል ለሚልክ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እንቅፋት ሲገጥም በኢንተርኔት አቤት የሚባልበት መንገድም ተዘጋጅቷል። ግን አቤቱታ መላክ ሌላ፣ የተያዘ ኮንቴይነር ማስለቀቅ ሌላ። በማርች 2021 ኬንያ ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ የሚገባን በቆሎ በአፍላቶክሲን ምክንያት አግዳ ነበር። ሦስቱ ሀገሮች የአንድ ጉምሩክ ኅብረት አባላት ናቸው። ቀረጡ ዜሮ፣ በሩ ዝግ! የእኛም ማሾ ዝናብ ባገኘው ጎተራ ከከረመ ሞያሌ ላይ የሚጠብቀው ዕጣ ይኸው ነው። እርጥበት መለኪያ መግዛት አንዳንዴ ከሰርተፊኬት ይቀድማል።

ብርድ ልብሱ ላይ

ስለ ፋብሪካ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ከመንዝ በግ ሱፍ የተሠራ ባና ምንም ጥያቄ የለበትም። በጉ የኛ፣ ሱፉ የኛ፣ ፈትሉ የኛ። ደብረ ብርሃን ላይ ግን በሰው ሠራሽ ክር የሚመረት ብርድ ልብስ ብትልኩ ጉምሩኩ «ክሩ ከየት መጣ?» ይላል። በኮሜሳ ደንብ ከውጭ የገባው ጥሬ ዕቃ ዋጋ ከጠቅላላው የጥሬ ዕቃ ዋጋ 60 በመቶ ካልበለጠ፣ ወይም እዚህ የተጨመረው እሴት ቢያንስ 35 በመቶ ከሆነ ዕቃው የእናንተ ይባላል። ጥሬ ዕቃው ተሠርቶ የኮድ ምድቡ ከተቀየረም ያልፋል።

አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ክሩ ከቻይና ከመጣ ባዕድ ነው። ከግብፅ ከመጣ ግን በኮሜሳ ውስጥ እንደ ራሳችሁ ጥሬ ዕቃ ይቆጠራል። የአህጉሩ ስምምነትም የአባላትን ጥሬ ዕቃ በተመሳሳይ መንገድ ያያል። ስለዚህ ክር ስትገዙ የኪሎውን ዋጋ ብቻ አታወዳድሩ። በአህጉሩ ስምምነት ላይ ግን ጨርቃጨርቅ ለረጅም ጊዜ ድርድር ላይ ከቆዩት ምድቦች አንዱ ነው። ውል ከመፈረማችሁ በፊት የኮዳችሁ ደንብ መጽደቁን ማረጋገጥ ግድ ነው።

ህንድና ቻይና፦ የታዳጊ ወንድሞች ስጦታ

እነዚህ ሁለቱ የአንድ ወገን ቅናሾች ናቸው። እኛ በምላሹ ምንም አንሰጥም። ህንድ በ2008 ለዝቅተኛ ልማት ሀገሮች ከቀረጥ ነፃ ዕድል ከፈተች፤ በ2014 አሰፋችው። አሁን አብዛኛውን የዕቃ ዓይነት ይሸፍናል። ቻይና ደግሞ ከዲሴምበር 1, 2024 ጀምሮ ለነዚሁ ሀገሮች ለሁሉም ዕቃ ዜሮ አደረገች። በወረቀት ላይ ከኮሜሳ ይበልጣሉ።

ህንድ ሽሮና ክክ ወዳድ ሀገር ናት፣ እንደ እኛው። ማሾም ሽምብራም ትበላለች። ነገር ግን የራሷን ገበሬ ለመጠበቅ ስትል በጥራጥሬ ላይ ፖሊሲዋን እንደ ቀሚስ ትቀያይራለች። ማሾን በ2021 ለቀቀችው። በፌብሩዋሪ 2022 መልሳ «የተገደበ» አለችው። የተገደበ ዕቃ ያለ ልዩ ፈቃድ አይገባም፣ ቀረጡ ዜሮም ቢሆን። ስለዚህ ህንዳዊ ገዢ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ፈቃድ አለህ?» ይሁን።

ቻይና ላይ መሰናክሉ ኳራንቲን ነው። ለየምርቱ በሁለቱ ሀገሮች መካከል የዕፅዋት ጤና ስምምነትና የላኪ ምዝገባ ያስፈልጋል። ይህ ካለቀ ትልቅ ገበያ ነው። ለአንድ ትንሽ ማኅበር ግን ብቻውን የሚወጣው ዳገት አይደለም፤ በዩኒየን ወይም በትልቅ ላኪ በኩል ቢሄድ ይሻላል።

ቶሎ የምናልፋቸው

ኢጋድ የቀረጥ ቅናሽ የሚያስገኝ ነፃ የንግድ ቀጣና የለውም፤ ለላኪ የሚሰጠው ሰርተፊኬት የለም። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አይደለንም። ኮሜሳን፣ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብንና የደቡባዊ አፍሪካ የልማት ማኅበረሰብን (ሳድክን) የሚያገናኘው የሦስትዮሽ ስምምነት በጁላይ 2024 ሥራ ላይ ውሏል፤ ካስጀመሩት 14 አጽዳቂዎች መካከል ግን ኢትዮጵያ የለችም። ብሪክስ ጭራሽ የቀረጥ ስምምነት አይደለም። «ብሪክስ ስለገባን ማሾ ነፃ ነው» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ቡናውን ጠጥታችሁ ተነሱ።

አንድ የሚያስቆጨኝ አለ። የታዳጊ ሀገሮች ዓለም አቀፍ የንግድ ተመራጭነት ሥርዓት የሚባል፣ በ1989 ሥራ ላይ የዋለ ስምምነት አለ። ከማሾ ገዢዎቻችን አንዷ የሆነችው ኢንዶኔዥያ አባል ናት። ኢትዮጵያ ግን አይደለችም።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ለእኛ የሚጠቅም ገበያ | ቅናሹ | ዓይነቱ | ዋናው ስጋት |
|---|---|---|---|---|
| ኮሜሳ | ኬንያ፣ ግብፅ፣ ጅቡቲ | ትንሽ፣ ከቀረጡ 10 በመቶ | ውል | ትርፉ የወረቀቱን ወጪ ላይሸፍን ይችላል |
| የአፍሪካ ነፃ ቀጣና | ኬንያ፣ ግብፅ፣ ደቡብ አፍሪካ | በየዓመቱ ወደ ዜሮ | ውል | ዕቃው «ጥንቃቄ የሚሻ» ዝርዝር ውስጥ ሊገኝ ይችላል |
| ህንድ | ማሾ፣ ሽምብራ | በአብዛኛው ዜሮ | ስጦታ | የማስገቢያ ገደብ በድንገት ይቀየራል |
| ቻይና | በኳራንቲን የተፈቀደ ምርት | ዜሮ | ስጦታ | ምዝገባና የዕፅዋት ጤና ስምምነት |

ማን የቱን ይያዝ?

ገና ለጀመረና ገንዘቡ ለሳሳ ሰው፦ በአህጉሩ ስምምነት ኬንያን ሞክሩ። ከ5,000 ዶላር በታች የሆነ ጭነት፣ በራስ ፊርማ። ከተበላሸም የሚያከስረው ትንሽ ነው። ጭነቱ ግን ወደ ሞያሌ እንጂ ወደ ጅቡቲ ስላልሆነ የትራንስፖርቱን ወጪ አስቀድማችሁ አስሉ። ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በርን ወጥቶ፣ አዲስ አበባን አልፎ ሙሉውን ደቡብ ማቋረጥ ነው።

ኮንቴይነር መሙላት ለሚችል ዩኒየን፦ ኢንዶኔዥያን የመሰለ ነባር ገዢ ካላችሁ፣ ለቅናሽ ብላችሁ አትልቀቁት። ያለ ቅናሽ በደህና ዋጋ የሚገዛ ሰው ቅናሽ ይዞ ከሚከራከር ይሻላል። ህንድን ገደቡ ሲላላ ብቻ እንደ ተጨማሪ ገበያ ያዙት። ጭነቱ በኮምቦልቻና በሚሌ በኩል ጋላፊ ስለሚወጣ መንገዱ ለእናንተ ይቀርባል፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ።

ለባቄላ፦ ግብፅ። ኮሜሳንና የአህጉሩን ስምምነት ጎን ለጎን አድርጋችሁ በባቄላ ኮድ አወዳድሩ፣ የቱ ዝቅ እንደሚል ገዢያችሁ ከጉምሩኩ ጠይቆ በጽሑፍ ይላክላችሁ። ለፋብሪካ፦ ከክሩ ጀምሩ።

የመንዝ በግ ለመላክ ለሚያስብ ሰው ግን እውነቱን ልናገር። የባሕረ ሰላጤው ገዢ የቆላ በግ ነው የሚወደው፤ የደጋው ሥጋ ቶሎ ይጠቁራል ይላል። ይህን የሚፈታ የቀረጥ ስምምነት የለም። በጉን እዚሁ ለፋሲካ ሽጡት።

ከራሴ አንድ ስህተት ልጨምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ወዳጄ የባቄላ ጭነት ወረቀቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። ደረሰኙ ላይ ክብደቱን በኪሎ፣ ሰርተፊኬቱ ላይ በኩንታል ጻፍኩት። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ አንዱ የሌላው መቶኛ ነው። የተቀባዩ ሀገር ጉምሩክ ግን «ሁለቱ ወረቀቶች አይገናኙም» ብሎ ሰርተፊኬቱን ጣለው። ገዢው ሙሉ ቀረጥ ከፈለ፣ በሚቀጥለው ጭነት ከዋጋችን ላይ ቆረጠው። ወዳጄ እስከዛሬ ስንገናኝ «እንዴት ነህ፣ ኩንታሌ?» ነው የሚለኝ።

ጋሼ ይህን ሁሉ ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቁኝና መዳፋቸው ላይ 0713.31 ብለው ጻፉ። ስልካቸውን አንስተው አዲስ አበባ ላለው ደላላ ደወሉ። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ ጠየቁት።

«ስማ፣ ያ የናይሮቢው ሰውዬ ቀረጥ ስንት ነው የሚከፍለው?»